እስከ ድልድዩ ብቻ

ጥቅምት 4 ቀን

ለውድ የአጎቴ ልጅ፣

ከምንም በፊት ሰላምታዬ አንተ ዘንድ፣ ከአንተም አልፎ ቤተሰብህ ዘንድ በጤና ይድረስ። እንዴት ከርመሃል? የጎማ ጥገና ሥራው፣ ልጅህ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ያማታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንተ ጎረቤቷ ስለሆንክ ግን ልቤ ያርፋል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ።

ስልክ ስደውል አታነሳም። አንድ ጊዜ ልጅህ አንስታ «አባዬ እጁ ግሪስ ነው» አለችኝ። ግሪሱ ዓመት ሙሉ አይለቅም ወይ ብዬ ስቄ ዘጋሁት። ስለዚህ ይኸው እንደ ጥንቱ በእጄ ጻፍኩልህ።

የምሠራበትን ቦታ ብታየው። አንድ ፎቅ ሙሉ ነው፤ ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ ላስቲክ። ጠዋት ጠዋት በመሮጫ ማሽን ላይ ሆኜ ለካሜራ አወራለሁ። ተከታዮቼ አብዝተው የሚወዱልኝ እየሮጥኩ ሳወራ ትንፋሼ አለመቆራረጡን ነው። ዘዴዬ ቀላል ናት፦ በቀን አንድ ጊዜ መብላት፣ በባዶ ሆድ መሮጥ፣ በመሃል ዱቄቷን በውሃ በጥብጦ መጠጣት። የዱቄቷ ስም «ንጹሕ ሯጭ» ነው። ጣሳው ላይ የኔ ፎቶ አለ፣ ከሥሩም «ከእህልና ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ያሸነፈ» የሚል ተጽፏል። አንድ ካርቶን ልኬልሃለሁ፤ ለሰፈሩም አካፍል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከድሮው የሯጮች ካምፕ የቀሩ ፎቶዎች ካሉ ብትልክልኝ። ሁለታችን አብረን የተነሳነው እንኳ ይቅር፤ እኔ ብቻዬን ያለሁበት ይሻላል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ያንተው የአክስትህ ልጅ

ጥቅምት 29 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለታላቁ ሯጭ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ የኔም አንተን በጤና ያግኝህ። ዕድሜ ይስጥህ፤ ዕድሜ ካለ የማይታይ የለምና። እኛ አለን። እናትህ እግሯን እየጎተተች ነው፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ይሮጣል። ጣሳህን ገልብጣ ገልብጣ አየችና፣ ይሄ ልጅ እንዲህ እስኪከሳ የሚያበላው ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እየራበው አይደለም፣ እየነገደ ነው አልኳት። አልገባትም።

ዱቄትህን ለሰፈሩ አካፍያለሁ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ቁርሱንም ምሳውንም ትቶ እሱን ሲጠጣ ሰነበተ። ባለፈው የአንድ ሰውዬ ግማሽ ጢም ላጭቶ ምላጩን እንደያዘ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ይዞ ሮጠ። አሯሯጭ እንኳ አላስፈለገውም።

ፎቶ ብለሃል። ፈለግኩ፤ አንተ ብቻህን ያለህበት የለም። ትሮጣለህ ባልኩበት ሁሉ ከፊትህ እኔ አለሁ። ሥራዬ ነበራ። ነፋሱን በደረቴ እየሰነጠቅሁ አንተን ከኋላዬ አስጠልዬ እጎትትሃለሁ፤ ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲል ከመንገዱ እወጣለሁ፤ አንተ ያልደከመ እግር ይዘህ ታልፈኛለህ። እኔ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ ጭብጨባውን እሰማለሁ። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። አሯሯጭነት ይኸው ነው፣ ወድጄ የገባሁበት ነው።

ቅር ያለኝን አንተም ታውቀዋለህ። መርማሪዎቹ ከጋራ ክፍላችን ያንን የተከለከለ መድኃኒት ሲያወጡ «የሱ ነው» ብለህ ጣትህን ወደኔ ቀሰርክ። ከዚያ ብቻዬን አግኝተኸኝ እግሬ ላይ ወደቅህ። ሻምፒዮናው እስኪያልፍ ዝም በልልኝ፣ ካሸነፍኩ ማግስት እውነቱን እናገራለሁ አልክ። እናትህም ለኔ ስትል ብላ አለቀሰች። ዝም አልኩ። ሻምፒዮናው አለፈ፤ አሸነፍክ፤ ሜዳሊያህን አጥልቀህ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔ ዕድሜ ልኬን ታገድኩ።

ይህን ሁሉ ውጬው ነበር። አሁን ግን ልጄ ትሮጣለች። በክለቡ ማጣሪያ ሁሉንም ጥላ ገባች። ሲመዘግቧት የአባትሽ ስም አሏት፤ ነገረቻቸው። እርስ በርስ ተያዩና ወረቀቷን መለሱላት። የዚያ ሰውዬ ልጅ አትሆነንም፣ ነገሩ በደም ይተላለፋል ተባለች። ሱቅ ድረስ መጥታ ጎማ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ «አባዬ፣ እውነት ወስደህ ነበር?» አለችኝ።

እኔን ስንቱ ሰው ሲጠይቀኝ ኖሯል፤ እንደሷ ያመመኝ የለም። ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። እውነቱን ጽፈህ፣ ፈርመህ ለክለቡ ላክ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሌላ ምንም አልፈልግብህም፤ ዱቄቱንም ተወው።

ጎሚስታው የአጎትህ ልጅ

ጥር 17 ቀን

ለውድ የአጎቴ ልጅ፣

ይህ ወር ለአንተና ለቤትህ የጤናና የበረከት ይሁን። መልሴ የዘገየው ሥራ አላስተነፍስ ብሎኝ ነው እንጂ ረስቼህ እንዳይመስልህ። የፀጉር አስተካካዩን ነገር ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው በሳቅ ሞቱ። ውሃ አብዝቶ ይጠጣ በለው።

የልጅህ ነገር አሳዝኖኛል። አባት አይደለሁም ግን ይገባኛል። ሆኖም የጻፍከውን ጉዳይ በወረቀት ማንሳት ለሁለታችንም አይበጅም። ያለፈ አልፏል። እኔ ዛሬ ራሴን ብቻ አይደለሁም፤ ከኋላዬ ዱቄቱን የሚያመርቱ፣ የሚያከፋፍሉ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ታውቀዋለህ። በአንድ ገጽ ይህን ሁሉ ቤት ላፍርስ? አንተም ብትሆን አትፈርድብኝም።

ግን ዝም ብዬ አልተውኩህም። ስሠራበት፣ ሳስብበት ነው የከረምኩት። በሚያዝያ መጨረሻ እመጣለሁ። በከተማችን ትልቅ ሩጫ አዘጋጃለሁ፤ ተከታዮቼ ከኋላ ይሮጣሉ፣ ካሜራው በሞተር ሳይክል ከፊቴ ይሄዳል፣ ሁሉም በቀጥታ ይተላለፋል። እኔ በባዶ ሆዴ ከወጣትነቴ የበለጠ ፈጥኜ እንደምሮጥ ቃል ገብቻለሁ። አንተ ደግሞ እንደ ድሮው ታሯሩጠኛለህ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከመንገዱ ትወጣለህ፤ እኔም ቆም ብዬ አቅፌህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይቅር ብዬሃለሁ» እልሃለሁ።

ሰው ይቅርታ ይወዳል፤ የሚያለቅሰውን አትቆጥረውም። ክለቡም ያየዋል። ልጅህ ያጠፋ ሰው ልጅ መሆኗ ቀርቶ ይቅር የተባለ ሰው ልጅ ትሆናለች። ከዚህ የተሻለ መንገድ ካለ ንገረኝ።

እማዬ እንዳትሰማ፤ መምጣቴን ድንገት ላሳያት ነው።

የአክስትህ ልጅ

መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለማከብርህ የአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከነምስጋናዬ ይድረስህ። ፈጣሪ የጀመርከውን ያስፈጽምህ፣ ያሰብከውንም ያሳካልህ። ብዙ ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ አልዋሽህም። ከዚያ አሰብኩበት። ሳስበው ልክ ነህ። ሰው እስከ መቼ ቂም ይዞ ይኖራል? ይቅር ከተባልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። አሯሩጥሃለሁ።

ብቻ እንደ ድሮው እንዳልመስልህ። ቀበቶዬ በሆዴ ተሸንፏል። ደረጃ ስወጣ ከሱቄ ኮምፕረሰር እኩል ነው የማናፋው። እስከ ድልድዩ ከደረስኩልህ ለኔ ድል ነው። እባክህ ራራልኝ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ።

ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛ፣ ቀለል ያለ የሩጫ ጫማ ላክልኝ፤ ቁጥሬን ታውቀዋለህ። ሁለተኛው ስለ እናትህ ነው። መምጣትህን ሰምታለች፤ ከእሷ ምን ይደበቃል። ጉልበቷ መንገድ ድረስ አያወጣትም፣ ስለዚህ ቤቷ ቁጭ ብላ በልጄ ስልክ ልትሰማህ ነው ሐሳቧ። አንገትህ ላይ የምትሰካትን ማይክሮፎን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አትዝጋት። ትንፋሽህም ቢሆን ትስማው፤ እናት ናት።

በጤና ያገናኘን።

የአጎትህ ልጅ

መጋቢት 28 ቀን

ለወንድሜ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ደብዳቤህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ፤ እንዲህ ትሆናለህ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ጫማው መንገድ ላይ ነው። ማይክሮፎኑን ለሰዎቼ ነግሬያለሁ፤ አይዘጋም፣ እንዲያውም ሐሳቡን ወደውታል። ስለ ፍጥነቱ አትጨነቅ። በምትችለው ሂድ፤ ቀስ ካልክብኝም አልፌህ አልሄድም፣ ከኋላህ ሆኜ እያወራሁ እመጣለሁ።

እስከ ድልድዩ ብቻ። የቀረውን ለኔ ተወው።

የአክስትህ ልጅ

ሐምሌ 9 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእማዬ። የምጽፈው ተጋድሜ ስለሆነ ፊደሌ ቢንሻፈፍ አትፍረድብኝ። ከዚያ ሆስፒታል እንደምንም አውጥተው ወደዚህ አመጡኝ። ኩላሊቴ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው ይላሉ። ሐኪሟ ከሩጫው በፊት ምን በልተህ ነበር አለችኝ። ምንም አልኳት። ይሄን የመከረህ ማን ነው ስትለኝ፣ እኔው አልኳት።

ዱቄቷን ከየመደርደሪያው አወረዷት። የመስታወቱ ፎቅ ተዘግቷል። ተከታዮቼ መጀመሪያ ሰደቡኝ፤ አሁን መስደቡንም ትተውታል፣ እሱ ነው የባሰው። ሜዳሊያውን መልስ ብለውኛል፤ እመልሳለሁ። ይህን የማወራህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ከማን እንደመጣ አላጣሁትም፤ ከራሴ ነው።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ትወጣለህ ብዬ ላቅፍህ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልወጣህም። እግርህን አረዘምከው። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ካሜራው ግን ፊቴ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ነው፣ ከወጣትነቴ የበለጠ እሮጣለሁ ብዬ ምያለሁ። ደግሞም አንተ ከፊቴ እየሮጥክ መቅረት አላውቅበትም። በሕይወቴ ሰዓት አይቼ ሮጬ አላውቅም፤ ያንተን ተረከዝ አይቼ ነው የሮጥኩት። ሆድ የለህም፣ ማናፋትም የለህም፤ ዋሽተኸኝ ነበር።

ዳገቱ ላይ፣ ወንድሜ ቀስ በል አልኩህ። ፊትህን ሳታዞር «ተናገርና እቀንሳለሁ» አልከኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩህም። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑንም አውቃለሁ። ተናገርኩ። «መድኃኒቱ የኔ ነበር፣ እሱ የለበትም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ዞረህ አየኸኝ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

አሁን ይቀንሳል ብዬ ጠበቅሁ። በዚህኛው እርምጃ፣ ካልሆነም በሚቀጥለው እያልኩ ጠበቅሁ። አንተ ግን ይባስ ፈጠንክ። እኔም መቆም እየቻልኩ ተከተልኩህ፤ ቃል ገብተህልኛልና ትቀንሳለህ ብዬ ተከተልኩህ። የሩጫው መጨረሻ በነበረው ስታዲየም በር ላይ ስወድቅ ጀርባህን እያየሁ ነበር። አንተ ገብተህ እንደጨረስክ ሰዎች ነገሩኝ።

ቃልህን አጠፍክ እንዳልል አፍ የለኝም። ግን የፈለግከውን ሰጥቼህ ነበር። ለምን አልቀነስክም?

እማዬስ ሰማች? ምን አለች?

የአክስትህ ልጅ

ነሐሴ 21 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ጤናህን ሙሉ አድርጎ ይመልስልህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ስታነብ እንዳትጠራጠረው ነው።

ዋሽቼሃለሁ፣ ልክ ነህ። ልጄን ክለብ ሲከለክሏት ብቻዋን እንዳትሮጥ ብዬ አብሬያት መውጣት ጀመርኩ። በየማለዳው ሱቅ ሳልከፍት እሮጥ ነበር። ያንተ የይቅርታ ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ደግሞ እሷ ናት ጠብቀኝ የምትለኝ። እየበላሁ ነው የሮጥኩት፤ ቁርስም ምሳም እራትም። ልጄ አባዬ ምን ነካህ ስትለኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሊመጣ ነው አልኳት።

እሷ ክለብ ገብታለች። የክለቡ ኃላፊ ራሱ ሱቅ ድረስ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጎማ መሃል ቆመ። በእጄ የጭነት መኪና ጎማ ይዤ ነበር። እስክፈታው፣ በውሃ እስክፈትሸው፣ እስክለጥፈው፣ እስክነፋው ድረስ አቆምኩት። ያን ቀን እንደዚያ ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ፣ አቤት አልኩት። በስህተት ነው አለኝ። ስህተቱን ለሷ ንገራት ብዬ ሰደድኩት። አሁን የጠዋት ልምምዷን ከነሱ ጋር ትሠራለች። ፀጉር አስተካካዩም ቁርስ ጀምሯል፤ ባዶ ጣሳህን ማበጠሪያ ማስቀመጫ አድርጎታል፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

እናትህ ሰምታለች። ከመነሻው አንስቶ አንድ ቃል አላመለጣትም። ስትወድቅ ጮኸች፤ ልጄ ናት ይዛ ያስቀመጠቻት። ስመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ አልቅሼ አፍህን ዘጋሁት፣ ይቅር በለኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ቀጥላ «ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ደጃፏን ሳልፍ ሰላም አትለኝም። ውሃዋንም መድኃኒቷንም ልጄ ናት የምታደርስላት። እኔ ስገባ ትተኛለች። ይከፋኛል፤ ግን እሷ ላይ አልፈርድም።

አሁን ለምን ላልከው። ብታምንም ባታምንም ስነሳ ሐሳቤ አንተን መጣል አልነበረም። ድልድዩን አሳልፌ፣ ትንፋሽ አሳጥቼ ቃሉን ላስወጣህ ነበር። ከተናገርክ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ እንደ ድሮው ነፋሱን ከልዬልህ፣ እስከ መጨረሻው ላደርስህ ነበር። በልጄ እምላለሁ።

ግን ይህን ሁሉ ዘመን ያላበድኩት ለምን ይመስልሃል? አዝንልህ ስለነበር ነው። ሰው ሲጠቋቆምብኝ፣ ሥራ ሲከለክለኝ፣ ልጄ እውነት ወስደህ ነበር ስትለኝ፣ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ነበር፦ ቢችል ይናገር ነበር፣ ከብዶት ነው፣ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት ነው እል ነበር። ከኔ ይልቅ አንተ የታመምክ እየመሰለኝ ኖርኩ። አንዳንዴማ ስላንተ እጸልይ ነበር።

ከዚያ ዳገቱ ላይ ተናገርክ። በአንድ ትንፋሽ፣ እየሮጥክ። ድምፅህ እንኳ አልተቆራረጠም፤ ዱቄትህን ስታስተዋውቅ እንደምታወራው ነው ያወራኸው። ዞሬ ያየሁህ ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሸክም ከላይህ ሲወርድ ፊትህ ላይ የሆነ ነገር ይታይ እንደሆነ ብዬ ነው። ምንም የለም። እንዲህ ቀላል ከነበረ ምን ይዞህ ነው ልጄ እስክታለቅስ የጠበቅከው?

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሮጥኩት ለስሜ ነው። ከዚያ በኋላ የሮጥኩት አንተን ለመጣል ነው። ጣልኩህም።

የአጎትህ ልጅ